ከጣሳው ያልወጣ ጎማ

ዴልፊና ወንበሯን የምትተክልበት ቦታ የታወቀ ነው። መኪኖቹ ከጋራዡ ወጥተው ወደ አስፋልቱ የሚገቡበት ጠባብ አንገት ላይ፣ በስተግራ በኩል፣ የሸራ ወንበሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ጣሳዋን ጭኗ ላይ ታኖራለች። እኔ ጠመኔዬን ይዤ አጠገቧ እቆማለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። እሷ ከጣሳው ቁጥር አውጥታ ጮክ ብላ ትጠራለች፤ እኔ ያ ቁጥር ያለበትን ጎማ ከክምሩ ፈልጌ የተወዳዳሪውን ስም እጽፍበታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ይህ ሳይደረግ፣ በአገራችን ትልቁ የመኪና እሽቅድምድም ሻምፒዮና እሑድ የሚሮጥ መኪና የለም። የሀብታም ቡድን ይሁን፣ መኪናውን በአጎቱ ጓሮ በብየዳ ያቆመ ድሃ ይሁን፣ ጎማው የሚደርሰው ከጣሳው ነው።

ጣሳው እንደ ሻይ ተቀድቶ የሚጠጣው የማቴ ቅጠል ይሸጥበት የነበረ ቀይ ጣሳ ነው። አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከስምንት ዓመት በፊት ዕጣው ያላማረው ኡሊሴስ ቤርቶሎቲ በእግሩ ለግቶት ነው፤ ያኔም ሻምፒዮን ነበር፣ ዛሬም ነው። በውስጡ ያሉት የእንጨት ቁጥሮች የሳን ሮኬ ደብር ለቢንጎ ይጫወትባቸው የነበሩ ናቸው። አባ ኢላሪዮ «ለአንድ ቅዳሜ ብቻ» ብለው አዋሷት፤ መልሽ ሳይሏት ዐረፉ። ዴልፊና እጇን ወደ ጣሳው በሰደደች ቁጥር እኔ በልቤ አንዲት አጭር የማርያም ጸሎት እላለሁ። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ከጣሳው በፊት ጎማ የሚያድለው አቅራቢው ራሱ ነበር። የዴልፊና አባት አንድ አሮጌ መኪና ነበረው፤ ጎማ ፈቺና አሳሪዋ እሷ ነበረች። ለትልልቆቹ ቡድኖች ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ትኩስ የሆነው ይደርሳቸዋል፤ ለእነሱ ግን መጋዘን ጥግ ሁለት በጋ የከረመ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ። አባቷ «የጎማ ነገር ዕድል ነው» እያለ ሞተ። እሷ ግን ከቀብሩ በኋላ በተደረገው የመጀመሪያ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያንን ጣሳ ከወጥ ቤቷ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችው። «ዕድል ከሆነ፣ እንግዲያው የእውነት ዕድል ይሁን!» አለች። በመተዳደሪያው ላይ ዐሥራ አራተኛ አንቀጽ ሆኖ የገባው በዚያ ቀን ነው፤ ከጣሳው ያልወጣ ጎማ አስፋልት አይነካም።

ዘንድሮ የሦስት ዓመቱ የጎማ ውል አለቀ። የቀድሞው አቅራቢ በቃኝ ብሎ ሲወጣ፣ ለጨረታው ሁለት ቀረቡ። አንዱ ኖርድሃልም የሚባል የአውሮፓ ኩባንያ ነው፤ ጎማውን የማድለው በራሴ ኮምፒውተር ነው፣ ጣሳ አያሻኝም ብሎ አስቀድሞ ጽፏል። ሌላው የእኛው የቪላ ኦምቡ ፋብሪካ ነው። የእኛው ማለቴ፣ እኔም ዴልፊናም የዚያች ከተማ ልጆች ነን። ቪላ ኦምቡ ማለት አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ባቡር የማይቆምበት አንድ የባቡር ጣቢያና የጎማ ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው መቶ አርባ ሰው ያሳድራል። የትራክተር ጎማ ገበያው ከሞተ ወዲህ ሠራተኛው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚገባው፤ የሻምፒዮናው ውል ካልተገኘ እስከ ሰኔ እንደማይዘልቅ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ዴልፊና በዚያ ወንበር ላይ መቀመጧን ከተማው እንደ እግዚአብሔር ስጦታ ቆጠረው። «ምን አስጨነቃችሁ፣ የእኛ ልጅ እዚያ ናት» ይባባላሉ ዳቦ ቤት ውስጥ። እኔ ዳቦዬን ይዤ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ሰው ተስፋ ሲያደርግ ማቋረጥ አልወድም።

ፈተናው በጥር መጨረሻ፣ በበጋው ልብ፣ በላ ጋርሳ የመወዳደሪያ አስፋልት ላይ ሆነ። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጸሐዩ ጆሮ ያቃጥል ነበር። ዴልፊና ወንበሯን ሳትዘረጋ አንሴልሞ ፔርሙሱንና የማቴ ኩባያውን ይዞ መጣ። አንሴልሞ የፋብሪካው የማምረቻ ኃላፊ ነው፤ ሚልባ የምትባለውን ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳችው ዴልፊና ናት። ከዚያ ወዲህ እሱና ዴልፊና «አበልጄ» ይባባላሉ እንጂ በስም ተጠራርተው አያውቁም።

ቀድቶ ሰጣት። ኩባያው ውስጥ ባለችው ቀጭን የብረት ቧንቧ ሳብ ሳብ አድርጋ ጨረሰችና መለሰችለት። ደግሞ ሞላላት።

«አበልጄ» አላት፤ «ዛሬ ጣሳውን ለአንድ ቀን እቤት ብትተዪው ምን ነበረበት?»

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«ስምንት ጎማ ይዣለሁ። ለሁለት መኪና ይበቃል። ስምንቱንም በእጄ ነው የሠራኋቸው፤ አንድ ሳምንት ሙሉ።»

«የጭነት መኪናው ላይ ያሉት ሁለት መቶውስ? እነሱን በእግርህ ነው የሠራሃቸው?»

አንሴልሞ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሦስተኛው የጎማ መጋገሪያ አንቺ የምታውቂው ነው። እሳቱ እኩል አይደለም። አንዱን ያሳርራል፣ አንዱን ጥሬ ያወጣል። ውሉን ካገኘን ግን አዲስ እንገዛለን፣ ሁሉም ይስተካከላል። ያ የአውሮፓው ሰውዬም እኮ ስምንት መርጦ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። እሱ መርጦ፣ እኔ በጭፍን? ሚልባን አስቢያት። የክርስትና ልጅሽን።»

ዴልፊና የሁለተኛውን ማቴ ጨርሳ ኩባያውን ዘረጋችለት። «አመሰግናለሁ» አለች።

በእኛ አገር ማቴ እየመለሱ አመሰግናለሁ ማለት፣ ከእንግዲህ አትቅዳልኝ ማለት ነው። አንሴልሞ ኩባያውን ይዞ ትንሽ ቆመና ሄደ።

ተወዳዳሪዎቹ ሠላሳ አንድ ናቸው፤ በኋላ ድምፅ የሚሰጡት እነሱ ስለሆኑ ሁሉም መጥተው የጋራዡ ግንብ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለዋል። መኪና ለመንዳት የተመረጡት ሁለት ናቸው፤ ኡሊሴስ ሻምፒዮኑ፣ እና ከኋላ ተርታ የማይጠፋው ኔሬዎ። ማኅበሩ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል፤ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች። ኔሬዎን የመረጡት ግን ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ጎይኮ ራሳቸው ናቸው። ልጁ አቅም የለውም፣ አይቃወምም ብለው ይመስለኛል።

የኖርድሃልም ኢንጂነር ሩዲገር የሚባል ረጅም፣ ትሁት ሰው ነው። የእኛን ቋንቋ እየቆጠረ ነው የሚናገረው። ጎማ የሚያሞቀውን የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ከስምንቱ ጎማዎች ላይ ሲገፍፍ አራቱ በኡሊሴስ መኪና ታሰሩ። በሁለተኛው መኪና ላይ የአንሴልሞ አራት ጎማዎች ታሰሩ። ሞተሮቹ ተነሡ። ኡሊሴስ መኪናውን ወደ መውጫው አንገት ሲያመጣ፣ ዴልፊና ከነወንበሯ ተነሥታ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ሄደች፤ መንገዱ መሃል ወንበሩን ተከለችና ተቀመጠች።

ዶክተር ጎይኮ በነጭ ሸሚዛቸው እየተጣደፉ መጡ። «ዴልፊና፣ ምን መሆንሽ ነው?»

«ሥራዬን ነው፣ ዶክተር። እነዚህ ጎማዎች ከጣሳው አልወጡም።»

«ይሄ ውድድር አይደለም፤ ፈተና ነው! ዐሥራ አራተኛው አንቀጽ ለውድድር ነው።»

«እሺ። ታዲያ እሑድ እሑድ የሚሮጡት እነዚህ ስምንቱ ናቸው? ካልሆኑ ምኑን ነው የምንፈትነው?»

ግንቡ ላይ አንዱ አፏጨ። ሩዲገር ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ። «እመቤቴ፣ እነዚህ ስምንት ጎማዎች እና በኮንቴነር ያሉት፣ አንድ ናቸው። ፍጹም አንድ።»

«አንድ ከሆኑ ጣሳውን ምን አስፈራዎት?»

«በአውሮፓ እንዲህ አይደረግም» አለ ሩዲገር።

«አውቃለሁ። እዚህ ነው የሚደረገው።»

ኡሊሴስ የራስ ቁሩን አውልቆ በመስኮቱ ብቅ አለ። «እትዬ ዴልፊና! ይልቀቁን እንጂ፣ የምሳው የጎድን ጥብስ እኮ አረረ!»

«አንተ፣ ጣሳዬን የረገጥክበት እግር ተሻለህ?»

ግንቡ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ዶክተር ጎይኮ ግን አልሳቁም፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ጎንበስ ብለው፣ ለእሷ ብቻ በሚመስል፣ እኔም በምሰማው ድምፅ ተናገሩ። «ስሚኝ። የከተማሽ ፋብሪካ ጎማ ምን እንደሚመስል ነግረውኛል። ጣሳውን ብትነኪው ዋጋ የምትከፍይው አንቺው ነሽ። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ። ደግሞም ከነገ ጀምሮ በዚህ ወንበር ሌላ ሰው ላስቀምጥበት እችላለሁ።»

«ነገ ይችላሉ» አለች ዴልፊና፣ እሷ ጮክ ብላ። «ዛሬ ግን የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ዶክተር ጎይኮ ቀና ብለው ለኡሊሴስ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ በጎኗ አልፈህ ውጣ ማለታቸው ነው። መኪናው አንድ ክንድ ያህል ተንቀሳቀሰ። የሞተሩ ሙቀት ቁርጭምጭሚቴን ገረፈኝ። ዴልፊና ጣሳውን በሁለት እጇ አቅፋ አልተነቃነቀችም። እኔ ከኋላዋ ቆሜ የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ። ጀግንነት አልነበረም፤ የምይዘው ፈልጌ ነው።

በዚያ መሃል የኋለኛው መኪና ሞተር ጸጥ አለ። ኔሬዎ ነው ያጠፋው። ቀበቶውን ፈቶ፣ በዝግታ ወጥቶ፣ የመኪናው አፍንጫ ላይ ተቀመጠ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አሉ ዶክተር ጎይኮ።

«እኔ ደህና ነኝ፣ ዶክተር። ሞተሬ ነው። ከጣሳ ያልወጣ ጎማ አይስማማውም፤ ሆዱን ያመዋል።»

በዚህ ጊዜ ሳቁ ከግንቡ ብቻ አልመጣም፤ መካኒኮቹም ሳቁ። አንድ ሁለቱ ከግንቡ ዘለው ወርደው ከኔሬዎ ጎን ቆሙ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ቆጠራውን ተውኩት። ኡሊሴስ በመስተዋቱ አያቸው። ተሳደበ፤ ግን እሱም ሞተሩን አጠፋ።

ከሁለቱም የጭነት መኪናዎች አርባ አርባ ጎማ አወረድን። እየዞርኩ በየክምሩ ከአንድ እስከ አርባ ቁጥር ጻፍኩባቸው። ዴልፊና ጣሳውን ነቀነቀች፤ ከወትሮው አስረዝማ ነቀነቀችው። ከዚያ አንሴልሞንና ሩዲገርን ጠራች። «አንተ የእሱን ታወጣለህ፣ እርስዎም የእሱን ያወጣሉ። በኋላ እጇ ነው፣ ጣቷ ነው የሚል እንዳይኖር።»

ሩዲገር እንደ ሕፃን እጁን እስከ ክንዱ ሰደደ። ስምንት ቁጥር አወጣ፤ ቪላ ኦምቡ የሠራቻቸው ስምንት ጎማዎች። አንሴልሞ ደግሞ የኖርድሃልምን ስምንት አወጣ፣ ቁጥሮቹን ግን ሳያይ ነበር የሚሰጠኝ። ዐይኑ ሩዲገር ባወጣቸው ላይ ቀርቷል። ከሦስተኛው መጋገሪያ የወጡትን ከሩቅ ያውቃቸዋል።

መኪኖቹ ሃያ ሃያ ዙር ሮጡ፤ ጎማ ተለዋውጠው ደግሞ ሃያ። በኖርድሃልም ጎማ ኡሊሴስ በረረ። እኛ ካየነው ጊዜ ሁሉ የፈጠነ ነበር፣ ሰዓት ያዡ ሁለቴ ነው ያየው። በዚያው በኖርድሃልም ጎማ ኔሬዎ ሲገባ ግን መኪናው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ወደ ግራ ይጎትተው ነበር። ዴልፊና የልብስ ሰፊ ሜትሯን ከኪሷ አውጥታ የጎማዎቹን ዙሪያ ለካች። ከኋላ ካሉት ሁለቱ፣ የቀኙ ከግራው በሁለት ጣት ይበልጥ ነበር። «ፍጹም አንድ» አለች፣ ለራሷ ይመስል። ሩዲገር ሜትሩን ተቀብሎ ራሱ ለካ። ደግሞ ለካ።

የእኛዎቹ ቀርፋፋ ነበሩ፤ ያን ሁሉም ይጠብቀው ነበር። በዐሥራ ሁለተኛው ዙር ግን የኔሬዎ መኪና ከኋላዋ ጥቁር ቅዳጅ እየበተነች መጣች። የቀኙ የኋላ ጎማ ቆዳው ተገሽልጦ ነበር። ልጁ ቀስ አድርጎ አስገባት፤ በማርያም ምልጃ ጉዳት አልደረሰበትም።

ጎማዎቹ ሲፈቱ የምንሠራው አንድ ሥራ አለን። ዴልፊና በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች፣ እኔ እሰማለሁ። የመስሚያ ዕቃ የለንም፤ ደህና ጎማ እንደ ጥሩ በር ይመልሳል። የተገሸለጠውን ትተን የቀሩትን ሰባት የቪላ ኦምቡ ጎማዎች አንኳኳች። አምስቱ ደህና ናቸው። ሁለቱ ባዶ እንስራ ይመስላሉ። ዴልፊና ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ ደህና ነው ብዬ ራሴን ብነቀንቅ ማንም አያውቅም። አንሴልሞ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆሟል። የእኔም እህት ልጅ እዚያው ፋብሪካ ነው የሚሠራው።

«ባዶ ነው» አልኩ። «ይሄም፣ ያኛውም።»

ብዕሯን አወጣች። ወረቀቱን ጣሳው ላይ አስደግፋ ጻፈች፤ ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ አነበበች። «ኖርድሃልም ወድቋል። ቪላ ኦምቡ ወድቋል።»

ወረቀቱን ለዶክተር ጎይኮ ዘረጋችላቸው።

«ሁለቱም ሊወድቁ አይችሉም!» አሉ ዶክተር ጎይኮ።

«ወድቀዋላ። እርስዎም አይተዋል።»

«የመጀመሪያው ውድድር ስድስት ሳምንት ነው የቀረው!»

«እንግዲያው ስድስት ሳምንት አላቸው። ይሥሩና ይምጡ። ጣሳው እዚሁ ነው።»

ዶክተር ጎይኮ ወደ ግንቡ ዞሩ። «ዛሬውኑ እንምረጥ የምትሉ እጅ አውጡ!» አሉ። ከሠላሳ አንዱ አራት እጅ ወጣ፤ አንዱ የኡሊሴስ ነበር። ዶክተሩ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ወደ ጥብሱ ሄዱ።

አንሴልሞ ግን አልሄደም። «ዴልፊና» አላት።

በስሟ ሲጠራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ስምንቱን የእጅ ሥራዎቹን አንድ በአንድ እየገፋ ወደ ጭነት መኪናው መለሳቸው።

ቪላ ኦምቡ ክፉ ከተማ አይደለችም፣ ግን ታኩርፋለች። ዳቦ ቤት ዴልፊና ስትገባ ወሬው ይቆማል። «ዛሬ ዳቦ አልቋል» ትላታለች ባለ ዳቦ ቤቷ፣ ዳቦው ከኋላዋ ተደርድሮ እየታየ። ዴልፊናም «እንግዲያው ያንን ያለቀውን ሁለት ኪሎ መዝኚልኝ» ትላለች፤ ይዛም ትወጣለች። እሑድ በቅዳሴ ላይ ካህኑ ሰላም ተባባሉ ሲሉ፣ ሚልባ ከፊት ካለው አግዳሚ ዞር ብላ ለእኔ እጇን ሰጠችኝና የክርስትና እናቷን ዘለለቻት። ዴልፊና የዘረጋችውን እጅ አልሸሸገችም፤ እንደዘረጋች ቆየች። በሚቀጥለውም እሑድ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ እጇንም ዘረጋች። በሦስተኛውም እንዲሁ።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጠየቅኋት። «ተጸጽተሻል?»

«ጎማውን ያሳረርኩት እኔ ነኝ?» አለችኝ ቆጣ ብላ። ብዙ ከሄድን በኋላ ግን ቆመች። «ያን ቀን ጣሳውን አስረዝሜ ነቀነቅሁት። አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ለእነሱ ብዬ ነው። ደህና ደህናው እንዲወጣላቸው። ከዚያ ሌላ ላደርግላቸው የምችለው ነገር አልነበረኝም።» አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። «ለማንም እንዳትናገር፤ ጥርስህን ነው የማወልቅልህ።»

በአምስተኛው ሳምንት የኖርድሃልም ደብዳቤ መጣ። ዶክተር ጎይኮ በማኅበሩ ቢሮ አነበቡልን። ጨዋ ደብዳቤ ነበር። ስለ መስተንግዶው አመስግነው፣ ስለ ጥብሱም ጭምር፣ ኩባንያው በዕጣ የሚመረጥ ጎማ ማቅረብ ከአሠራሩ ጋር እንደማይሄድ ገልጸው፣ ከጨረታው ወጥተዋል። ከሥር በእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ የሩዲገር ነው። «መጋዘናችን ሁለት መቶውንም ለክቷል። እመቤቲቱ ልክ ናት።»

ወሬው ቪላ ኦምቡ ከእኛ ቀድሞ ደረሰ። ርችት ተተኮሰ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ሳትጠየቅ ለዴልፊና ጣፋጭ ጨመረችላት። ተወዳዳሪ የለም፤ እንግዲህ ውሉ የእኛ ነው፣ ማን ይፈትነናል ተባለ። ዶክተር ጎይኮም እንደዚያው አሉ። የቀረ ጊዜ የለም፣ ሌላ አቅራቢም የለም፤ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው በላ ጋርሳ እንገናኝ፣ ፈርመን ፎቶ እንነሣና ሥራ እንጀምር። ለዳግም ፈተና ተብሎ የተያዘው ቀን የፊርማ ቀን ሆነ።

በቀኑ ከከተማችን ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጣ። ግንቡ ሥር ጠረጴዛ ቀርቦ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል፤ ውሉ በላዩ ላይ፣ ብዕር በላዩ ላይ። ፎቶ አንሺ ቆሟል። ዴልፊና ማንንም ሳትጠይቅ ወንበሯን አንገቱ ላይ ተከለች፣ ጣሳዋን ጭኗ ላይ አኖረች።

«አሁን ደግሞ ማንን ልትከለክዪ ነው?» አላት ከአውቶቡስ የወረደ አንድ ሽማግሌ። «የራስሽን ወገን?»

«ያለ ዕጣ የሚያልፈውን፣ ጋሼ።»

«ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠሽ!»

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ፤ አንዲት ሴት «እናትሽ ብታይ!» ብላ ጮኸች። ተወዳዳሪዎቹ እንኳ በዚህ ጊዜ ግንቡ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ሌላ አቅራቢ የለምና ምን ይበሉ? ኔሬዎ ብቻ መጥቶ ከጎኔ ቆመ። እኔ ጠመኔዬን በኪሴ ውስጥ እያሸሁ ነበር።

የአንሴልሞ የጭነት መኪና ገባ። ሰዉ አጨበጨበ። አንሴልሞ ወርዶ የኋላውን በር ቁልፍ በእጁ እያንጠለጠለ፣ ጠረጴዛውን አልፎ ወደ አንገቱ መጣ። ከስቷል። ክንዱ ላይ አዲስ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ሚልባ ከኋላው ነበረች፣ በሥራ ልብሷ።

«አንሴልሞ!» አሉ ዶክተር ጎይኮ ብዕሩን እያሳዩት። «ወዲህ ና እንጂ፣ ፈርም!»

አንሴልሞ አልዞረም። «ዶክተር፣ ይህ ቁልፍ ጣሳው ካልተነቀነቀ በሩን አይከፍትም።»

«ምን?»

«የሰሙትን ነው። ሦስተኛውን መጋገሪያ ፈትቼ ለብረት ሻጭ ሰጥቼዋለሁ። በቀሩት በሁለቱ አምስት ሳምንት፣ እሑድ ሳንል፣ እኔና የፋብሪካው ልጆች ጎማ ስንጋግር ከረምን። አሁን ሳልፈተን ብፈርም፣ ዕድሜ ልኬን 'ቪላ ኦምቡ ብቻውን ሮጦ አንደኛ ወጣ' ሲሉኝ ነው የምሰማው። አልሰማም! ሁለት መቶ ጎማ አለ። ከፈለጋችሁ ሁለት መቶውንም አውጡት።»

ከአውቶቡሱ ወገን አንዱ «አንሴልሞ፣ አብደሃል?» አለ።

«አዎ። ካበደች አበልጅ ጋር የዋለ ያብዳል።»

ዴልፊና እስካሁን ቀና ብላ አላየችውም ነበር። አሁን ጣሳውን አነሣችና ዘረጋችለት። «እንግዲያው ራስህ ነቅንቀው።»

«እኔ አልነካውም። በኋላ እጁ ነው፣ ጣቱ ነው የሚል ይመጣል። እሱ ያውጣ» አለና ኡሊሴስን በአገጩ አሳየ። «በእግሩ ያውቀዋል፣ በእጁም ይወቀው።»

ኡሊሴስ ሳቅ አመለጠው፤ ከግንቡ ወረደ። ዴልፊና ጣሳውን ነቀነቀች፣ አንሴልሞ በሩን ከፈተ፣ እኔ ባወረድናቸው አርባ ጎማዎች ላይ ቁጥር ጻፍኩ፤ ኡሊሴስም እጁን ሰደደ። እኔም ያቺን አጭር ጸሎቴን አልኩ። አራት ቁጥር አወጣ። ፈልጌ አመጣኋቸው፣ በመኪናው ታሰሩ፣ ዴልፊናም ወንበሯን አንሥታ መንገዱን ለቀቀችለት።

ሃያ ዙር ረጅም ነው። ማንም አልተቀመጠም። በዐሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ የአንሴልሞ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እሱም የሚጸልይ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር። መኪናዋ በዐሥራ ሦስተኛው አለፈች፣ በዐሥራ አምስተኛው፣ በሃያኛው። ገባች።

ዴልፊና በሜትሯ ለካች። ከዚያ በሞቀው ጎማ ፊት ተንበረከከችና አንኳኳች። አንድ። ዐየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ ጆሮዬን እስኪለበልበኝ አስጠጋሁ፤ ሰዉ ሁሉ እየጠበቀ መሆኑን እያወቅሁ ሁለተኛ እንድታንኳኳ ጠየቅሁ። አንኳኳች።

«ደህና ነው» አልኩ።

ዴልፊና ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። «ቀርፋፎች ናቸው» አለችው አንሴልሞን።

«አውቃለሁ።»

«የአውሮፓው ይበልጣቸዋል።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ግን ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ ከአንዱ አይለይም።» ወረቀቱን ጣሳው ላይ አስደግፋ ፈረመች። ተወዳዳሪዎቹ እዚያው እጅ አወጡ፤ ሁለት ሲቀሩ ሁሉም። ኡሊሴስ ከቀሩት ከሁለቱ አንዱ ነበር። «እኔ ፈጣኑን ነው የምወደው፣ ምን ላድርግ!» አለ። ማንም አልተቆጣውም።

ሰዉ ወደ አረንጓዴው ጠረጴዛ ሲሮጥ አንሴልሞ ወደ መኪናው ተመለሰ። ከመኪናው በኩል የመጣችው ግን ሚልባ ናት፤ ፔርሙሱንና ኩባያውን ይዛለች። ቀዳችና ለክርስትና እናቷ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ዶክተር ጎይኮ ከወዲያ «አንሴልሞ፣ ፎቶ አንሺው ይጠብቃል!» እያሉ ይጣራሉ። አንሴልሞ «ይጠብቃ» አለ፣ ሳይዞር።

ዴልፊና በቀጭኗ ቧንቧ ሳብ ሳብ አድርጋ እስከ ታች ጨረሰች። ኩባያውን መለሰችላት። አመሰግናለሁ አላለችም። ሚልባም እንደገና ሞላችላት።